ከመስከረም እስከ ጥምቀት፦ ሥራና ድካም ላለበት ሰው አዲስ ሙያ የመልመጃ መመሪያ

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውሎ፣ ባጃጅ ነድቶ ወይም ቢሮ ተቀምጦ የመጣ ሰው «አዲስ ሙያ ልልመድ» ብሎ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ስንፍና ብለን ማለፍ አይገባም። የመረጠው ሙያ ሰፊ ነው፣ የመደበው ሰዓት የድካም ሰዓት ነው፣ ከተቀመጠ በኋላም «ዛሬ የቱን ልሥራ?» እያለ የቀረችውን ጉልበት በማሰብ ይጨርሳታል። ሦስቱም ገና ሳይጀመር የሚስተካከሉ ናቸው።

ይህ መመሪያ በቀን 25 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማግኘት ለሚችል የጎንደር ሰው ነው። መነሻው መስከረም 15፣ መድረሻው ጥር 5 አካባቢ ይሁን፤ 16 ሳምንት ገደማ ይሆናል። ሒሳቡ 2000 ደቂቃ ወይም 33 ሰዓት አካባቢ ነው። በ33 ሰዓት ማንም ልብስ ሰፊ አይሆንም። የትራስ ልብስ፣ መጋረጃና ላስቲክ ያለው ጉርድ ቀሚስ ያለ ሰው እርዳታ መስፋት ግን ይቻላል። ኤክሴል ለሚማርም የሱቁን ሒሳብ ከባዶ ገጽ ጀምሮ መሥራት፣ እንግሊዝኛ ለሚማርም ስለሚያውቀው ነገር ሳይቆራረጥ 5 ደቂቃ መናገር በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚደረስበት ነው።

አንድ ሙያ፣ በሚታይ ሥራ የተለካ

«ስፌት እማራለሁ» የሚል ዕቅድ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። «እስከ ጥር ላስቲክ ያለው ጉርድ ቀሚስ እሰፋለሁ» የሚለው ግን ምን ጨርቅ፣ ምን ዕቃ፣ የትኞቹ ስፌቶች እንደሚያስፈልጉ ወዲያው ይናገራል፤ የማያስፈልገውንም ያስወጣል። ጥልፍ ለምሳሌ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በእነዚህ 16 ሳምንታት ውስጥ አይግባ። ኮሌታና እጅጌም ይቆዩ።

ሁለት ሙያ አብሮ መጀመር በጉልበት ለሞላ ተማሪ ይሆን ይሆናል። ሥራ ላለበት ሰው ግን አንዱ ሁልጊዜ የሌላው ማምለጫ ይሆናል፤ ስፌቱ ሲከብድ ወደ እንግሊዝኛው፣ እንግሊዝኛው ሲከብድ ወደ ስፌቱ እየተሸሸ ሁለቱም ከባዱ ቦታ ላይ ይቆማሉ።

ያልደከመውን ግማሽ ሰዓት መፈለግ

ለሦስት ቀን ቁራጭ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይያዙ። ክፍት ጊዜ በተገኘ ቁጥር ሰዓቱንና የጉልበትዎን መጠን ከ3 ነጥብ ይጻፉ፦ 3 አእምሮም እጅም ንቁ የሆነበት፣ 2 መካከለኛ፣ 1 መቀመጥ እንኳ የሚከብድበት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ሲያዩ ብዙ ሰው የሚያገኘው ተመሳሳይ ነው። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ 1 ነጥብ ሲሆን፣ ከማለዳው 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው አጭር ጊዜ 3 ነው። ኪዳን የሚያደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሥራው ቅርብ የሆነ ሰው ከምሳ በፊት ያለውን ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። አዲስና ከባድ ነገር ባለ 3 ነጥቡ ሰዓት ላይ ይደረግ፤ ክለሳ ባለ 2ቱ ላይ ይበቃዋል።

ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ቋሚ ሰዓት ላታገኝ ትችላለች። ለእርሷ የሚሻለው ልምምዱን ከሰዓት ይልቅ ዘወትር ከሚሆን ነገር ጋር ማያያዝ ነው፦ «ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደገቡ»፣ «ትንሹ እንደተኛ»፣ «የጠዋቱ ቡና እንደተነሳ»። ለቤተሰቡም በግልጽ ይነገር፤ 25 ደቂቃ መሆኑ ከታወቀ የቤት ሰው ይታገሳል፣ ማለቂያው ካልታወቀ ግን በየመሃሉ ይጠራል።

ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ጉዞውን ከ25ቱ ደቂቃ አይቁጠረው። በታክሲ ውስጥ የሚሠራው ከታች «ሳያዩ ማስታወስ» በሚለው ክፍል ያለው ክለሳ፣ ያውም በቃል ብቻ፣ ነው፤ እሱም ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ዕቃው ተዘጋጅቶ ይደር

የስፌት መኪናዋን ከጥግ ማውጣት፣ ክር መፈለግ፣ መቀስ ከጎረቤት ማስመለስ 10 ደቂቃ ይበላል። ከ25ቱ 10ሩ በዝግጅት ካለቀ የሚቀረው ለመሞቅ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ልምምዱ የሚያልቀው በ22ኛው ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች የነገውን ማዘጋጃ ናቸው። መኪናዋ ክር እንደገባባት፣ የነገው ጨርቅ ተቆርጦና መስመር ተሰምሮበት ከላይዋ ይደር። በደብተር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ነገ፦ አራት ማዕዘን፣ ጥግ ላይ ማዞር፣ 6 ጊዜ»። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ቦታ ከሌለ ከመኪናዋ በቀር ሁሉም በአንድ ዘንቢል ይግባ፤ በሁለት ዘንቢል ከተከፋፈለ አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል።

ሙያውን መከፋፈል

በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (ዜማን ከነሽብሸባው) የሚማር ደቀ መዝሙር አንዱን ዜማ በአንድ ጊዜ ከነሽብሸባው አይቀበልም። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ቁሙን፣ ቀጥሎ በመቋሚያ ዝማሜውን፣ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡበትን መረግድ፣ በኋላም ፈጣኑን ጽፋት ይይዛል። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አዲሱ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀድሞ ተይዟል። ማንኛውም ሙያ የሚከፋፈለው በዚሁ መንገድ ነው። እግርዎ ፔዳል እየለመደ፣ እጅዎ ጨርቅ እየመራ፣ ዓይንዎ ክር እየተከታተለ ሦስቱን ባንድ ቀን ከጀመሩ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም።

በእግር የሚመታ የስፌት መኪና ለሚጀምር ሰው አከፋፈሉ እንዲህ ነው።

*1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ ያለ ክር፣ በወረቀት ላይ።* መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ከመርፌው ሥር ያስገቡና መስመሩን ተከትለው ይስፉ። ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ለዚህ አሮጌ መርፌ ይጠቀሙ፣ ጨርቅ ላይ ሲገቡ ይቀይሩት። መዘውሩን መጀመሪያ በእጅ ወደ ራስዎ አቅጣጫ ካዞሩ በኋላ ነው እግር የሚከተለው። ጀማሪ በእግሩ ብቻ ሲያስነሳ መኪናዋ ወደ ኋላ ትዞራለች፤ ክር ሲገባባት ያኔ ይበጠሳል። የማለፊያው ልክ፦ 10 መስመር፣ የቀዳዳው ተርታ ከመስመሩ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ሳይወጣ፣ በሦስት ተከታታይ ቀን። ያን ሳያገኙ ወደ ክር አይግቡ።

*3ኛ ሳምንት፦ ክር ማስገባት ብቻ።* ያስገቡ፣ ያውጡ፣ እንደገና ያስገቡ፤ በቀን 10 ጊዜ። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም መኪና ገዝተው ጥለውት ከተቀመጡ ሰዎች ብዙዎቹን ያስቆማቸው ይህ ነው። የላይኛው ክር በሁለቱ መወጠሪያ ሳህኖች መካከል በትክክል ካልገባ ከጨርቁ ሥር ክሩ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ጀማሪው ችግሩ ከሥር ስለታየ የታችኛውን ክር ይነካካል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ክሩን ሲያስገቡ ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ላይ ተነስቶ ይሁን፤ ያኔ ሳህኖቹ ይከፈታሉ።

*ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ 20 በ20 ሴንቲሜትር የተቆረጠ አቡጀዴ፣ ሁለት ድርብ።* አቡጀዴው ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ከጠርዙ 1.5 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ። መጀመሪያ ቀጥታ፣ ከዚያ ጥግ፣ በመጨረሻ ጎባጣ። ጥግ ሲደርሱ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደወረደ ይቁሙ፣ የሚጫነውን እግር ያንሱ፣ ጨርቁን ያዙሩ፣ እግሩን ይመልሱ። ስፌት ሲጀምሩ የሁለቱንም ክር ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ስበው ይያዙ፤ ያለዚያ የመጀመሪያዎቹ ስፌቶች ይቋጠራሉ። ስፌት እየዘለለ ከሄደ መርፌውን ይመልከቱ፦ ጠፍጣፋው ጎኑ በትክክል አልዞረም፣ ወይም ጎብጧል፣ ወይም ደንዝዟል። ጨርቁን በሁለት እጅ መጎተት መርፌ ያጎብጣል፤ የመኪናዋ ጥርስ ራሱ ይስበዋል፣ የእጅ ሥራ መምራት ብቻ ነው።

*7ኛና 8ኛ ሳምንት፦ የትራስ ልብስ፣ ሦስት።* ለ50 በ70 ትራስ 53 በ164 ሴንቲሜትር ጨርቅ ይቁረጡ። ሁለቱን አጭር ጫፎች 1 ሴንቲሜትር ሁለት ጊዜ አጥፈው ይስፉ፤ 160 ይቀራል። ከዚያ 70 ለፊት፣ 70 ለጀርባ፣ 20ው እንደ ክዳን ወደ ውስጥ እንዲገባ ውስጡን ወደ ውጭ አድርገው ያጥፉና ጎኖቹን በ1.5 ሴንቲሜትር ይስፉ። አንድ ብቻ ሰፍቶ መቀጠል አይበቃም። የመጀመሪያው መመሪያ እያዩ የተሠራ ነው፤ ሁለተኛውን ሳያዩ ይሞክሩ፣ ሦስተኛው የእርስዎ ነው።

*ከ9ኛ እስከ 11ኛ፦ መጋረጃና ረጅም ጠርዝ። ከ12ኛ እስከ 14ኛ፦ ጉርዱ።* ለጉርዱ የጨርቁ ወርድ የዳሌ ልክ አንድ ተኩል ጊዜ፤ ቁመቱ የሚፈለገው ርዝመት ሲደመር 4 ሴንቲሜትር ለወገብ፣ 3 ሴንቲሜትር ለታች ጠርዝ። 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ከወገብ ልክ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር አጥሮ ይቆረጣል። ወገቡን አጥፈው ሲሰፉ 4 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዉ፤ ላስቲኩ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ በዚያ ይገባል። ከመዝጋትዎ በፊት ላስቲኩ ውስጥ እንዳልተጠማዘዘ ዙሪያውን በጣት ይዳስሱ፤ ከተዘጋ በኋላ ቢታወቅ መፍታት ግድ ነው።

15ኛውና 16ኛው ሳምንት ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል። ገና ታኅሣሥ 29 የሚውለው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያም ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ይከታተላሉ፤ የጎንደር ቤት በእንግዳ ይሞላል። በዚያ ሳምንት አዲስ ነገር የሚጀምር ዕቅድ ከወረቀት አያልፍም። መዘግየትም መድረሻ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ሳምንታት የእሱ ናቸው።

ሳያዩ ማስታወስ

የአብነት ተማሪ ቀን መጽሐፍ ዘርግቶ ያነባል፤ ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ ወይም ከበላዩ ተማሪ አፍ እየተቀበለ ይደግማል። ጨለማው ራሱ ይጠቅመዋል፤ ፊደሉን ማየት ስለማይችል ከውስጡ ማውጣት ግዴታ ይሆንበታል። ጊዜ ለሌለው ጎልማሳ ከዚህ የበለጠ ትርፍ ያለው ዘዴ የለም። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ «ገባኝ» ማለት እና እጅ ማወቁ የተለያዩ ናቸው። ቪዲዮውን 3 ደቂቃ ይመልከቱ፣ ይዝጉ፣ ያዩትን ይሥሩ። ሲጠፋብዎት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይታገሉ፤ ከዚያ ብቻ ተመልሰው ያቺን ቦታ ይዩ። ትግሉ የባከነ ጊዜ ይመስላል፣ የሚያስይዘው ግን እሱ ነው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናት የተያዘ ነገር ያለ ክለሳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ በቀናት ተከፋፍሎ የተደገመው ደግሞ ባንድ ጊዜ ከተደጋገመው በተሻለ እንደሚቆይ አሳይቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመሥራት አምስት ቀን 25 ደቂቃ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ አዲስ ነገር በደብተሩ ጠርዝ አራት ቀን ይጻፉ፦ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከ1 ሳምንት በኋላ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ። ቀኑ ሲደርስ ልምምድዎ በዚያ ክለሳ ይጀምር፤ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ከጠፋብዎት ቆጠራው እንደገና ከማግስቱ ይጀምራል። እንቅልፍ ቀንሶ መማር በተለይ ጎጂ ነው፤ የተማሩት የሚረጋው በእንቅልፍ ነውና።

ይኸው ለሌላም ሙያ ይሠራል። ኤክሴል የሚማር ባለሱቅ ትናንት የሠራውን ፋይል አይክፈት፤ ባዶ ገጽ ላይ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ጠቅላላ የሚሉትን አምስት ዓምዶች ከነቀመራቸው እንደገና ይሥራ። የተለመደው ስሕተት ብዛት በሚለው ዓምድ «5 ኪሎ» ብሎ መጻፍ ነው። ያ ለኮምፒዩተሩ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም፤ የድምር ቀመሩ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ማባዛቱ ደግሞ ስሕተት ይላል። ቁጥሩ ብቻውን ይግባ፣ «ኪሎ» የሚለው በዓምዱ ርዕስ ላይ ይጻፍ።

አስጎብኚ ለመሆን እንግሊዝኛ የሚለማመድ ወጣት ደግሞ በአማርኛ ጠንቅቆ ከሚያውቀው ይጀምር፦ አፄ ፋሲል፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ የማን ግንብ የትኛው እንደሆነ። ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ አዲሱ ሸክም ቋንቋው ብቻ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ በስልክ ድምፁን ይቅዳ፣ ያዳምጥ፣ የተሰናከለባቸውን ሦስት ቦታዎች ብቻ ይጻፍ፣ ያንኑ እንደገና ይቅዳ። ከሦስት በላይ ማረም ለአንድ ቀን ይበዛል።

መብራት ሲጠፋና ጾም ሲገባ

ለእያንዳንዱ ሳምንት ሦስት ዓይነት ሥራ አስቀድሞ ይዘጋጅ። አንዱ መብራትም ጉልበትም ላለበት ቀን፣ ሁለተኛው መብራት ለጠፋበት፣ ሦስተኛው ሰውነት ለዛለበት። በስፌቱ ምሳሌ፦ መኪና ላይ መሥራት፤ በሻማ ወይም በስልክ ብርሃን ጨርቅ መለካትና በጠመኔ ማስመር፤ ተጋድሞ ዓይን ጨፍኖ የክሩን መንገድ ከጥቅሉ እስከ መርፌው ቀዳዳ በቃል መከተል። ሦስተኛው 5 ደቂቃ ነው፣ ግን እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠር። መቀስ በጨለማ አይያዝ። ቪዲዮ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት የሳምንቱን አንድ ጊዜ አውርደው ያስቀምጡ፤ በልምምዱ ሰዓት ኢንተርኔት መፈለግ ሌላ በር ይከፍታል።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ 9ኛው ሳምንት ላይ ነዎት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ እጁ ይዝላል፤ ከሰዓት ይለማመድ የነበረ ወደ ማለዳ ያዙር። 9ኛው ሳምንት መጋረጃ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ረጅም ቀጥታ ስፌት ብዙ ማሰብ አይፈልግም። በሌላ ወቅት ረመዳን የሚጾም ሰው ከሱሁር በኋላ ያለውን ጊዜ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ባለሙያ መጠየቅ

ከመጽሐፍና ከቪዲዮ የማይገኝ ነገር አለ፤ የራስዎን ስሕተት የሚያይ ዓይን። በሳምንት 10 ደቂቃ የሚያይልዎት ልብስ ሰፊ ካገኙ የ16 ሳምንቱ መንገድ በጣም ይቀላል። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ጥያቄዎን በጥቅምትና በኅዳር ይጨርሱ፤ ገበያ በሚደራበት ቅዳሜ ሳይሆን በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ይሂዱ።

«ስፌት ያስተምሩኝ» ማለት ሰውን ያስፈራል፤ ስንት ወር እንደሚጠይቅ ያውቃልና። የሰፉትን ቁራጭ ይዘው ይቅረቡ፦ «ጋሼ፣ ይቺን ቢያዩልኝ? ጥግ ላይ ስደርስ ክሩ ይሰበሰባል፤ ምኑ ላይ ነው የማጠፋው?» እንዲህ ለጠየቀ የማይመልስ ባለሙያ እምብዛም የለም። መልሱን እዚያው ፊታቸው አንድ ጊዜ ይሞክሩት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያስተካከሉትን ያሳዩ። ምክሩ ሥራ ላይ መዋሉን ያየ ሰው ሳይጠየቅ ሌላ ይጨምራል።

ሲቋረጥ

ለቅሶ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ይበዛል። ያመለጠውን ለመካስ በማግስቱ 50 ደቂቃ አይሥሩ፤ ድካሙ ሦስተኛውን ቀን ይወስደዋል። በአንድ ቀን መቅረት የሚጠፋ ነገር ትንሽ ነው። ሁለት ቀን ካመለጠ በሦስተኛው 5 ደቂቃዋን ብቻ ይሥሩ። ከ10 ቀን በላይ ከቆመ ካቆሙበት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምሩ፤ ጥግ ላይ ከነበሩ ቀጥታ ስፌት፣ ጉርድ ላይ ከነበሩ አንድ የትራስ ልብስ። ካቆሙበት ከባድ ቦታ ለመቀጠል የሚሞክር ሰው በመጀመሪያው ቀን ተበላሽቶበት እንደገና ይተወዋል።

እሑድ 15 ደቂቃ ደብተሩን ይመልከቱ። በሁለት ተከታታይ ሳምንት ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ካልሠሩ ሰዓቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ባለ 3 ነጥቡን ሰዓት እንደገና ይፈልጉ። እየሠሩ ግን ካልተሻሻለ ክፍሉ ሰፍቷል፤ ለሁለት ይክፈሉት። ሁለቱም ደህና ሆነው ከተሰላቹ ልምምዱ ቀሏል ማለት ነውና የማለፊያውን ልክ ያጥብቁ፦ 2 ሚሊሜትሩን 1 ያድርጉት።

ጉርዱ ካለቀ በኋላ እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ቀን 25 ደቂቃ ለስፌቱ ይተዉለት፤ በዚያ ቀን አንድ የትራስ ልብስ ሳያዩ ይስፉ። ሳይፈቱ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከጨረሱ የቀሩትን አራት ቀናት ለሚቀጥለው ሙያ፣ ወይም ቀድሞ ለተቀመጠው ኮሌታና እጅጌ መስጠት ይችላሉ።